የአራሚው ሁለት ደብተሮች

አባታችን፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው በፍቅርም በፍርሃትም «አራሚው» ይሏቸው የነበሩት፣ ከድንጋይ ጠራቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1940 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ቢሆኑም ታላላቆቻቸው በሕፃንነታቸው ስላለፉ ያደጉት ብቻቸውን ነው። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረው በ1959 ዓ.ም. በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆነው ተቀጠሩ። ዓይናቸው ስህተት አላሳልፍ ስላለ ከአራት ዓመት በኋላ ወደ አራሚነት ተዛወሩ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጡረታ እስኪወጡም በመስኮቱ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ አልተነሡም። የተጠሩበትን የሠርግ ካርድ ሳይቀር በቀይ እስክሪብቶ አርመው ይመልሱ እንደነበር ያልሰማ ወዳጅ የለም።

በ1965 ዓ.ም. በዚያው ማተሚያ ቤት የጥራዝ ክፍል ሠራተኛ ከነበሩት እናታችን ጋር ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

የስኳር በሽታቸው የታወቀው በ1989 ዓ.ም. ነው። በጤና ጣቢያው የተቀበሏቸው ነርስ፣ ሁላችንም «ሲስተር» የምንላቸው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተከታተሏቸው። አባታችን በየጠዋቱ ስኳራቸውን እየለኩ በደብተር እንዲይዙ ታዘዙ። እዚህ ላይ ሙያቸው ጉድ ሠራቸው። ከመስመር የወጣ ቁጥር ለእሳቸው የኅትመት ስህተት ነበር፤ መለኪያው 247 ሲል እጃቸው አላስችል ብሎ 147 ይጽፋሉ። ሆኖም የመጀመሪያውን ረቂቅ የሚጥል አራሚ የለምና፣ እውነተኛውን ቁጥር በሌላ ትንሽ ደብተር አስፍረው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይይዙ ነበር። ሲስተር በሦስተኛው ቀጠሮ ነቁባቸው። ንጹሑን ደብተር ገለጥ አድርገው፣ «ጋሼ፣ ይሄ የታረመው ነው፤ እስቲ ያልታረመውን ያውጡት» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ይህ የሁለቱ ጨዋታ ሆነ፤ ስኳራቸውም አደብ ገዛ።

እናታችን በ1993 ዓ.ም. ሲያርፉ ሴቷ ልጅ በሌላ ከተማ፣ ወንዱ በመርከበኝነት ሥራ ባሕር ላይ ስለነበሩ አባታችን ባለሁለት ክፍል ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ለአንድ ሰው ምን ድስት ይጣዳል እያሉ በዳቦና በጣፋጭ ሻይ ማደር ጀመሩ። ቁጥሩ ሽቅብ ሲወጣ ሲስተር መድኃኒት ከመጨመራቸው በፊት ራት ከማን ጋር እንደሚበሉ ጠየቋቸው፤ ቀጠሮውንም በወር ሁለት ጊዜ አደረጉት። አባታችን ለዚያ ቀን ጫማቸውን አስጠርገው፣ ከራቫት አስረው ይሄዱ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. አሠራሩ ተቀየረና ታካሚ ሁሉ በዕለቱ ተረኛ በሆነ ባለሙያ እንዲታይ ተደረገ፤ ሲስተርም ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛወሩ። አባታችን ለወራት በካርድ ክፍሉ መስኮት አንገታቸውን እያስገቡ «ዛሬም ሲስተር የሉም?» ይሉ ነበር። ካርድ አውጪው «አባባ፣ ስንቴ ልንገርዎት? ተዛውረዋል እኮ!» ይላቸዋል። ልጃቸው ካርዳቸውን ስታገላብጥ በሰባት ዓመት ውስጥ የሃያ ሦስት ባለሙያዎች ፊርማ ቆጥራለች። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በሩ ላይ ወረፋው ይጠብቃቸዋል። ንጹሑን ደብተር ያዩና «ጎበዝ አባባ፣ በርቱ!» ብለው ያሰናብቷቸዋል። የላቦራቶሪው ውጤት ከደብተሩ አልገጥም ሲል አንዱ መድኃኒት ይጨምራል፣ ተከታዩ ደብተሩን አምኖ ይቀንሳል። ሌላውን ደብተር የጠየቀ አልተገኘም። ያልተጠየቁትን ማውጣት ደግሞ የአባታችን ጠባይ አልነበረም።

ይህን የጻፈችው ልጃቸውም ከሃያ ሦስቱ አትሻልም። በየእሑዱ ደውላ «ስኳሩስ?» ትላለች፤ «ደህና ነው ልጄ» ይሏታል፤ ወደ ሌላ ወሬ ይገባሉ። አባቷን እያወቀች ያንን መልስ ማመኗ ዛሬ ያሳፍራታል።

በ2011 ዓ.ም. የግራ እግራቸው ሁለት ጣቶች ተቆረጡ፤ ቀጥሎም ኩላሊታቸው ደከመና በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሆስፒታል ተኙ። ሲስተር ከካርድ አውጪው ሰምተው መጡ። ብርድ ልብሱን ገልጠው እግራቸውን አዩ፤ ከዚያም ተቆጡ። «ጋሼ፣ ምነው ያልታረመውን ለአንዳቸው እንኳ ቢያሳዩ?»

አባታችን «ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ሲስተር በየቀኑ እየተመላለሱ አጠገባቸው ተቀመጡ። በዚያ ሳምንት ስኳራቸው ተስተካከለ፤ ኩላሊታቸው ግን አልጠበቀም። ጥቅምት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

አባታችን የሁለት ልጆች አባትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ቤተሰቡ በአንድ ቃል ተስማምቶ ሲስተርን ከሐዘንተኞቹ መካከል አስቀምጧቸዋልና፣ ልታጽናኑ የመጣችሁ ሁሉ እሳቸውን እንዳታልፏቸው አደራ እንላለን። ሳይጠይቅ የሚያውቃቸው አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን።