ለዶክተሯ ያልነገርኳት ቅባት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። ቤት ያለነው እኔና ልጄ ህይወት ብቻ ነን። የደም ውጤቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን በጣም ዝቅ ብሏል። ዶክተሯ፣ እሱን የምታመነጨው ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ ደክማ ከሆነ ኪኒኑ ዕድሜ ልክ ነው አለችኝ። ዕድሜ ልክ!

ደግነቱ ደሙ የተቀዳው ወረፋው አልደርስ ብሎኝ በዘጠኝ ሰዓት ነበር። ይሄ ሆርሞን ጠዋት ከፍ ይላል፣ ከሰዓት ይወርዳል። ረቡዕ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይደገማል።

"የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ስትለኝ "ምንም" አልኳት።

ማክሰኞ፣ 11
የምርመራ ወረቀቱን ጀርባ አነበብኩ። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳላነብ አልጥልም፤ ንባብ የለመድኩትም እንዲያ ነው። "ስቴሮይድ ያለበት ኪኒን፣ መርፌ ወይም የቆዳ ቅባት ውጤቱን ስለሚያዛባ ያሳውቁ" ይላል።

የማድያት ቅባቴን አወጣሁ። አስራ አንድ ዓመት ተቀብቼዋለሁ። ህይወት ቱቦውን አገላብጣ አየችው።

"እማ፣ ይሄ እኮ ስቴሮይድ ነው!"

"ሂጂ እዛ፣ የፊት ቅባት ነው።"

መጀመሪያ ከአየር ጤና ሰፈር ያመጣችልኝ እህቴ ጸዳለ ናት፣ ነፍሷን ይማር። ሰርግ ስንሄድ አልጋው ጠርዝ ላይ ታስቀምጠኝና "ነይ አንቺ ማድያታም፣ ሰው ላስመስልሽ" እያለች በቀዝቃዛ ጣቷ ትቀባኝ ነበር። እኔ ስስቅ ቅባቱ አፌ ይገባል። ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ሽታው እሷን እሷን ይለኛል። ብናገር ያስተዉኛል። ዝም ብል፣ ላላመመኝ በሽታ ዕድሜ ልክ ኪኒን ልዋጥ?

ረቡዕ፣ 12
አስራ ሁለት ሰዓት ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ቱቦውን በፌስታል ጠቅልዬ ከ18 ማዞሪያ ታክሲ ያዝኩ። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ደረስኩ። ደም ወደሚቀዳበት ከመግባቴ በፊት የዶክተሯን በር አንኳኩቼ ቱቦውን አሳየኋት።

"ይሄን ለምን አልነገሩኝም?"

"መድኃኒት መስሎኝ አያውቅም፣ ዶክተር።"

እስከ ትናንት እውነት ነበር።

ቅባቱ የሆርሞኑን ሥራ ስለሚሠራላት ዕጢዬ አንቀላፍታ ሊሆን ይችላል አለች፤ ቀስ እያልን ስንቀንሰው ልትነቃ ትችላለች። "በራስዎ ግን በአንዴ እንዳያቆሙ።" ወረቀቱ ላይ ስለ ቅባቱ ጻፈችበት። ሁለት ሰዓት ላይ ደሜን ሰጠሁ። ውጤቱ አርብ ነው።

ፌርማታው ጋ ሻይ በዳቦ በላሁ። ቱቦውን ከፍቼ እያሸተትኩ ሦስት ታክሲ አሳለፍኩ። በአራተኛው ተሳፈርኩ።