የጃኬቱ ሠላሳ ብር

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ዛሬም ቲኬት ስቆርጥ ዋልኩ። ሃያ ሁለት ሰው፣ አንድ ፍየል። ፍየሉ በነፃ።

አራት ዓመት ታሪክ ተምሬ አባያ ዳር የጀልባ ቲኬት ቆራጭ... ይሁን። ሲቀላ ሰፈር የተከራየኋትን ቤት ይከፍልልኛል። አለቃዬ ጋሻዬ (ፊት ለፊት አንቱ፣ እዚህ ደብተር ላይ አንተ) ቤንዚን ተወደደ እያለ ሲነጫነጭ ዋለ። "አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ መላ አምጪ እንጂ!" አለኝ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

መላ አመጣሁ።

ስለ ድሮዎቹ የውቅያኖስ መርከቦች ከስልኬ ላይ አነበብኩለት። ቲኬቱ ሌላ፣ ተጨማሪው ሌላ። ፀሐይ የሚሞቁበትን ወንበር እንኳ ያከራዩ ነበር። ብርድ ልብሱም ለብቻው ይከፈልበታል። ጋሻዬ ዓይኑ በራ። "እነሱ ካስከፈሉ እኛ ምን አነሰን?"

ሰሌዳ አስጻፈኝ። በቀይ ቀለም፣ በገዛ እጄ። ጉዞ መቶ ብር። ጥላ ሥር ለመቀመጥ ሃያ። የሙዝ ጭነት ሠላሳ። ከዚያ ትንሽ አሰበና "ጃኬትም ጨምሪበት" አለ። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ጃኬት ማለቱ ነው። እሱም ሠላሳ።

"በእነዚያ መርከቦች ላይ ጃኬቱ በነፃ ነበር" ልለው አፌ ላይ ደረሰ... ዋጥኩት። ለምን? ጎበዝ ብሎኝ ነበራ። ጎበዝ ስባል ደስ ይለኛል።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ያልተከፈለበት ጃኬት መጋዘን ውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉ በክር አንገቴ ላይ ነው።

ጀልባውን የሚነዱት ጋሽ ኦይታ ሰሌዳውን ቆመው ሲያነቡ ቆዩ። ከዚያ ወደ መስኮቴ መጡ።

"ልጄ፣ ሐይቅ ቲኬት አያይም።"

"ትእዛዝ ነው ጋሽ ኦይታ።"

"የማን?"

የሚቀጥለውን ቲኬት ቆረጥኩ። ማታ ጋሻዬ ደመወዜ ላይ አምስት መቶ ብር ጨመረልኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ዛሬ መጻፍ አልፈለግኩም። ቢሆንም ልጻፈው።

ጀልባው ስምንት ሰዓት ላይ ወጣ። አሥራ ስምንት ተሳፋሪ። ለጃኬት የከፈሉት ሰባት ብቻ። ከላንቴ ሙዝ እየገዙ ማዶ የሚሸጡት እማማ ሻሺቱ መቀነታቸውን ፈትተው ሳንቲም ሳይቀር ቆጠሩልኝ። ለጉዞው በቃ፣ ለሙዙ በቃ... ለጃኬቱ አልበቃም። "ለሙዙ ከከፈልኩ ምናለበት፣ እሱ ይዳን!" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሳቅኩ!

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነፋሱ መጣ። ውሃው ጠቆረ። ጀልባውን አየዋለሁ፣ ደግሞ አላየውም። ጋሽ ኦይታ ጋ ደወልኩ፤ አይነሳም። ጋሻዬ ከተማ ነው፤ እሱም አይነሳም።

መጋዘኑን ከፍቼ አሥራ አንዱንም ጃኬት አወጣሁ። እየሮጥኩ ዳርቻው ላይ ደረደርኳቸው። ለማን? ጀልባው እዚያ፣ ጃኬቱ እዚህ። አሥራ አንድ ባዶ ጃኬት ደርድሬ መሃላቸው ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። አምላኬን ለመንኩ፣ ራሴን ሰደብኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ተመለሱ። ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት። እንደገና ቆጠርኩ... እማማ ሻሺቱ ጀልባው ወለል ላይ ተኝተው ኖሯል። የጋሽ ኦይታን ጃኬት ለብሰዋል። ጋሽ ኦይታ በካናቴራ ብቻ ናቸው። ሙዙን ሁሉ ሐይቁ ላይ ጥለውታል፣ ጀልባው እንዲቀልል።

እማማ ሻሺቱ ሰው ደግፏቸው ሲወርዱ አዩኝ። አልተሳደቡም። "ሙዜን ውሃ በላው። የጭነቱን ሠላሳ ብር መልሽልኝ" ብቻ አሉ። ከቦርሳዬ ሰጠኋቸው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

የሰፈሩ ወጣቶች ጠዋት ዱላና አንድ ጀሪካን ቤንዚን ይዘው መጡ። "ጀልባው ይቃጠል! ጋሻዬ ይውጣ!" ጋሻዬ ቢሮው ውስጥ ቆልፎ ተቀምጧል። እኔ ከመስኮቴ ኋላ ነኝ። ማንም ስሜን አልጠራም። መሸሽ እችል ነበር።

ጋሽ ኦይታ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ሦስቱም እርጥብ ሣር ይዘዋል። ልጆቹ ፊት መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ የሚሄድ የለም። የሁሉም ዱላ አንድ በአንድ ወረደ። ጀሪካኑም ተቀመጠ።

አበቃ ብዬ ተነፈስኩ። ሽማግሌዎቹ ግን ተነሥተው ወደ እኔ መስኮት መጡ። ሣሩን እንደያዙ እኔ ፊት ተንበረከኩ። የአባቴ አባት የሚሆኑ ሰዎች!

እየሮጥኩ ወጣሁ። "ኧረ በእግዚአብሔር ይነሡ! ጋሻዬ እኮ ያለው እዚያ ነው!"

ጋሽ ኦይታ አንገቴን አዩ። "ቁልፉ አንቺ ጋ አይደል? ታዲያ ማን ፊት እንንበርከክ?"

ያኔ ተናገርኩ። ልጆቹ እየሰሙ፣ ጋሻዬ በሩን ገርበብ አድርጎ እየሰማ። ሐሳቡ የእኔ ነው። ሰሌዳውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእነዚያ መርከቦች ላይ ጃኬቱ በነፃ እንደነበረም አውቅ ነበር። አንዱ ልጅ "ጉድ!" አለ። ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

መጋዘኑን ከፈትኩ።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ጭማሪው ተቀነሰ። አምስት መቶ ብሬ ሄደ። "ከሥራ ያላባረርኩሽ ለሽማግሌዎቹ ብዬ ነው" አለ ጋሻዬ። እሺ አልኩ።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

አሁን መጀመሪያ ጃኬት፣ ከዚያ ቲኬት። አለብሳለሁ፣ አስራለሁ፣ ከዚያ እቆርጣለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፤ ይርዘም።

ሰሌዳው ላይ የጃኬቱን መስመር በቤንዚን ፈገፈግኩት። ቀይ ጥላው አልለቀቀም፤ ልብ ብሎ ላየው ይነበባል። ጥላ ሥር የመቀመጫው ሃያ ብር እንዳለ ነው። እሱ ይቆይ፣ ፀሐይ ሞቆ የሞተ የለም።

እማማ ሻሺቱ ዛሬ መጡ። ሙዛቸውን ይዘው። ከዚያች ቀን ወዲህ መጀመሪያቸው ነው። ጃኬቱን ሳስርላቸው ትንፋሻቸውን ያዙ። "ስንት ነው?" አሉኝ፣ እጃቸው መቀነታቸው ላይ። "ምንም" አልኳቸው። አላመኑኝም። ጀልባው ላይ እስኪወጡ ድረስ ዞር እያሉ ያዩኝ ነበር።

አሁን መጋዘኑ ባዶ ነው። የሚቆለፍበት ነገር የለም። ጋሻዬ "ይሄ ቁልፍ ምን ይሠራልሻል?" አለኝ።

አላወለቅኩትም።