የሳን ሮኬን አውራ ጣት ስላደሱልኝ

ለክብርት ወይዘሮ ሬሜድዮስ ላሴርና
የጥንታዊት ቤተ ክርስቲያናችን እድሳት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለጤናዎ፣ ይልቁንም ለቀኝ ትከሻዎ ምሕረቱን እለምናለሁ። እኔ በገበያው በር ወገብና ትከሻ እያሸሁ የምኖር፣ ከተወለድኩ ጀምሮ ብርሃን ያላየሁ ሰው ስሆን፣ በየዓርቡ ለመታሸት ስለሚመጡ ትከሻዎን ከራስዎ አብልጬ አውቀዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ለእኛ ለዐይነ ስውራን ባዘጋጁት የጉብኝት ቀን ከተጋበዙት አንዱ ስለነበርኩ፣ ምስጋናዬን አገር ይስማልኝ ብዬ በአደባባይ አስጽፌያለሁ።

አንደኛ፣ በጆሯችን ላይ ስላደረጉልን ማዳመጫ አመሰግናለሁ። ድምፀ መልካሟ ሴት "በስተግራዎ እንደሚመለከቱት" ባለች ቁጥር ሁላችንም እንደ ታዛዥ ተማሪ አንገታችንን ወደ ግራ አዙረናል። አጠገቤ የነበረው ባልንጀራዬ ዶሮቴዮ "አየኸው እንዴ? እኔንስ አመለጠኝ" ብሎ ቢያስቀኝ፣ ዘበኛው በቤተ መቅደስ መሳቅ ነውር መሆኑን አስተምሮናል። እሱንም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ የእጃችን ወዝ እንጨቱን እንዳይበላው በማሰብ ስላጠለቁልን ነጭ ጓንት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የሚያይ እንግዳ ሲመጣ ዐይኑን በሻሽ አስረው እንደማያስገቡት እርግጠኛ ስለሆንኩ፣ ይህ ክብር ለእኛ ብቻ የተደረገ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ሦስተኛው በሩ ነው። በዚያ ትልቅ የእንጨት በር ላይ የሕሙማን ጠባቂ የሚባለው ቅዱስ ሳን ሮኬ ከነውሻው ተቀርጿል፤ የከተማችን ሰው ከመግባቱ በፊት ጎንበስ ብሎ እግሩን ይዳስሳል፣ ያንኑ እጁንም ሕመሙ ላይ ያሳርፋል። ከዳሰሳው ብዛት የቀኝ እግሩ አውራ ጣት አልቆ ጎድጉዶ ነበር። ልጆች "ውሻው በልቶበት ነው" እያሉ ያሾፉ ነበር። እናቴ ግን በልጅነቴ አውራ ጣቴን ከአውራ ጣቷ ሥር አድርጋ ጎድጓዳው ውስጥ ከተተችውና "የምን ውሻ? እኛ ነን የጨረስነው። አያቴ፣ እናቴ፣ እኔ። እኔን ስታጣኝ እዚህ ና፣ እጄ እዚህ አለልህ" አለችኝ። የሞተች ጊዜ ወንድሞቼ ፎቶግራፎቿን ተካፈሉ። ለእኔ የደረሰኝ ያ ጎድጓዳ ነበር፤ ቅርም አላለኝም።

በሩ ለእድሳት ተነቅሎ ከሄደ ጀምሮ እናቴ ናፍቃኝ ስለከረመች፣ ቅዳሜ በሩ ጋ ስንደርስ ጓንቴን አወለቅኩ። አስጎብኚያችን ማሪሴል እንደ ታላቅ ወንድም አክብራ፣ ስሜንም አሳጥራ "ማኖንግ ቴርዮ፣ ኧረ ይተዉ፣ እኔን ነው የሚቆጡኝ" አለችኝ፤ ክፉ ልጅ አይደለችምና ተወችኝ። ጎንበስ ብዬ ፈለግኩ። አውራ ጣቱ በቦታው አለ። ሙሉ፣ ጥፍሩ እንኳ ያልቀረ፣ የሚያምር አዲስ ጣት። የተሳሳትኩ መስሎኝ ግራ እግሩንም ዳሰስኩ፣ ውሻውንም ዳሰስኩ።

ማሪሴል "እንደ ጥንቱ አደረግነው እኮ፣ ደስ አይልም?" አለችኝ። ክብርት ሆይ፣ ወደ ጥንቱ ሲመልሱት እናቴ ገና ያልተወለደችበት ዘመን ድረስ መለሱት። ስትሞት ያላለቀስኩትን ለቅሶ በሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ጎብኚው ሁሉ ዙሪያዬን እየዞረ ገባ።

አራተኛ ምስጋናም ነበረኝ። አልቻልኩም፣ ተውኩት።

ሥራዎ እንዲቃና፣ ባለሙያዎችዎ ያልጠገኑት አንዳች ነገር እንዳይቀር፣ የሚወዷቸው ሰዎች ፎቶግራፎችም ከአቧራና ከአዳሽ ተጠብቀው እንዲኖሩልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣

በታላቅ አክብሮት ትከሻዎን የማውቀው
ኤሌውቴሪዮ ጉምባን
ከገበያው በር

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ ጓንቱን ሳልመልስ ይዤው ሄጃለሁ። ዓርብ ሲመጡ አጥልቄው አሽዎታለሁ። ምንም ካልተሰማዎት አይዘኑብኝ፤ እኔም በሩ ላይ የተሰማኝ ይኸው ነበር።