ጸጥታ ስለሚከበርበት ክሊኒክና ስለታሰረው ምላስ

ይድረስ የሰፈራችን የሕፃናት ክሊኒክ የበላይ ኃላፊ ለሆኑት ለተከበሩ ዶክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም ጆሮዎን ደህና ያድርግልዎ፤ ያን የመሰለ ጸጥታ የለመደ ጆሮ ድንገት ድምፅ ሲሰማ እንዳይደነግጥ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከክሊኒክዎ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ልብስ የምሰፋው ሴት ነኝ። የነጭ ጋውንዎን እጅጌ አንድ ጊዜ ያሳጠርኩልዎ እኔ ስለሆንኩ ፈጽሞ ባዳ አይደለሁም።

ይህን ደብዳቤ በግል ልጽፍልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን ስለ ልጄ የተነገረው ቃል ኮሪደር ላይ፣ ተራ የሚጠብቁ እናቶች ሁሉ እየሰሙ የተነገረ ስለሆነ፣ መልሱ በታሸገ ፖስታ ቢመጣ አድልዎ ይሆናል ብዬ ለሁሉም ክፍት አድርጌዋለሁ። አቤቱታዎቼን በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር ያልያዘን ነገር እንደማያስተናግድ ተራ ስጠብቅ ተምሬያለሁ።

፩ኛ. ስለ ጸጥታ። በመግቢያው ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን ማስታወቂያ በአድናቆት አንብቤዋለሁ። የሚያለቅስ ሕፃን የያዘ ሰው ልጁን ውጭ አባብሎ፣ ዝም ሲልለት ይዞት እንዲገባ ያዛል። ዘበኛውም ትእዛዝ የሚያስከብር ቆፍጣና ሰው ነው። የልጅ ልጄ ከተወለደ ጀምሮ ጡት ይይዝና ይለቃል፣ ይይዝና ይለቃል፣ ከዚያም ጎረቤቱን ሁሉ የሚቀሰቅስ ለቅሶ ያለቅሳል። ስለዚህ ወደ እርስዎ በመጣን ቁጥር ግቢው ውስጥ፣ በቆሙት መኪኖች መካከል እሹሩሩ ስንል ቆይተን፣ ለቅሶው አድክሞት እንቅልፍ ሲጥለው እንገባ ነበር። እርስዎም ብርድ ልብሱን በአንድ ጣት ገለጥ ያደርጉና የተኛውን ፊቱን እያዩ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ይሉናል። እኛ ቤት ይህን ጨዋ ልጅ የሚያውቀው ሰው የለም። ጥግ ላይ ዳቦ የምትሸጠው ልጅ እንኳ የአፉን ውስጥ ከእርስዎ በፊት አይታዋለች፤ እርስዎ የሚያውቁት ግንባሩንና ቅንድቡን ነው። ጸጥታ ለሕመምተኛ መልካም ነገር መሆኑን አልክድም። ሕመሙ አፉ ውስጥ ለሆነ ሰው ግን አፉን የሚከፍትባት አንዲት ጥግ ብትፈቀድለት ለማለት ያህል ነው።

፪ኛ. ስለ ትራስ። ጡት ማጥባት የሚያማክሩት ሲስተር ጥፋቱን መጀመሪያ ያገኙት የልጄ አቀማመጥ ላይ ነበር። ጀርባዋ ጎብጧል፣ ክርኗ ወርዷል፣ ትራሷ አይረባም። ትራስ የእኔ ጉዳይ ስለሆነ ነቀፌታውን በክብር ተቀበልኩ። ስፖንጅ ያለው ሰፋሁ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠንክሯል ተባለ። ጥጥ ሞልቼ ሰፋሁ፤ ለስልሷል ተባለ። መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ ልብሱ ወልቆ የሚታጠብ፣ ዚፑ የልጁን ጉንጭ እንዳይነካ ወደ ታች የዞረ ሰፋሁ፤ ይህም ከፍታው አልተወደደለትም። አሁን ሳሎናችን ውስጥ እንደ ልቡ የሚቀመጠው ትራስ ብቻ ነው፤ አማቼ ከሥራ ሲገባ እራቱን ቆሞ ይበላል። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ብሆን ጥፋቱ ከትራሱ መስሎኝ ነበር፤ ሐኪም ቤት ትራስ ትራስ ሲል ልብስ ሰፊ ምን ብላ ትከራከራለች።

፫ኛ. ስለ ቃል። እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ልሰብስብ። የልጁ ክብደት መጨመር ሲገባው ቀንሶ በተገኘ ዕለት፣ ሲስተር ኮሪደሩ ላይ ሚዛኑ አጠገብ እንደቆሙ ልጄን "አንቺ ወተት የለሽም፤ ልጁን አታስርቢው" አሏት። ጸጥታው በሚገባ የተከበረ ስለነበር ቃሉ እስከ መጨረሻው አግዳሚ ወንበር ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ። ልጄ ሻርፗን ደረቷ ላይ ሰብስባ ወጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጇን የምታቅፈው የሰው ዕቃ እንደ ተዋሰ ሰው እየተጠነቀቀች ሆነ። ሌላ ሰው ቢይዘው ይሻለዋል እያለች ለእኔ ትሰጠኛለች። የበኩር ልጇ ነው፣ ዶክተር። ስንት ዓመት ጠብቃ ያገኘችው ልጅ ነው።

፬ኛ. ስለ ማኅተም። ይህ እንኳ ምስጋና እንጂ አቤቱታ አይደለም፤ ቁጥር ካልተሰጠው መዝገብ ቤት እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው። በመጨረሻው ቀጠሯችን እርስዎ፣ እናትየዋ ማጥባቷን አቁማ ልጁ በጡጦ እንዲያድግ የሚያዘውን ወረቀት ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተሙን አነሱ። ልጁ እንደ ደንቡ ተኝቷል። ልጄ ወለሉን ታያለች። መቼም እጅዎ ከባድ ነው፤ ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ፤ ልጁም ባንኖ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፍቶ ጮኸ። እርስዎ ዘበኛውን ሊጠሩ ቀና ሲሉ ዓይንዎ ልጁ አፍ ውስጥ ገባ። ምላሱ ወደ ላይ መነሳት አቅቶት፣ ጫፉ መሃል ለመሃል ገባ ብሎ፣ ወደ ታች ተይዟል። ጓንት አጥልቀው በጣትዎ ከሥሩ ሲያነሱት፣ ያቺ ስስ ሽፋን እስከ ጫፉ ድረስ መጥታ ወጥራ እንደያዘችው እኔም አየሁ። ጡቱን አጥብቆ መያዝ ያልቻለው ለዚህ ነበር። እንግዲህ በክሊኒክዎ ውስጥ የልጁን በሽታ ያገኘው ማኅተሙ ስለሆነ፣ ደመወዙ ባይሆንለትም ስሙ ከሐኪሞቹ ተርታ በር ላይ ቢለጠፍለት ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ ያለ አንዳች አሽሙር አመሰግናለሁ። ልጁን በፎጣ ጠቅልለው፣ ጫፏ ዱልዱም በሆነች ትንሽ መቀስ ሽፋኗን ቆረጥ አደረጓት፤ እኔ ከቁልፍ ቀዳዳ ላይ የተረፈ ክር እስካነሳ የሚፈጀውን ጊዜ እንኳ አልወሰደም። ጠብታ ደም ወጣ፣ ቆመ። የላይኛውን ከንፈሩንም ገልጠው ከድዱ ጋር የያዘችውን ቀጭን ሥጋ አዩና፣ ይህቺ ምንም አልበደለችም፣ ትቀመጥ አሉ። ያልበደለን ነገር አለመቁረጥ ትልቅ ሙያ መሆኑን በመቀስ የምትተዳደር ሴት ትመሰክርልዎታለች። ወዲያው ልጁን ለእናቱ ሰጧት። ያዘ። አልለቀቀም። ሲውጥ ድምፁ ተሰማ። ልጄ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፤ ማስታወቂያው ስለ አያቶች ለቅሶ የሚለው ነገር ስለሌለ ዘበኛው ምንም ሊያደርገን አልቻለም።

ታዲያ ሁሉም በደህና ካለቀ ምን ትነዘንዘኛለች ይሉ ይሆናል። አላለቀም። የልጁ ጉንጭ ሞልቷል፣ ጭኑ መታጠፊያ አውጥቷል፤ ልጄ ግን አሁንም ባጠባችው ቁጥር ቀና ብላ፣ ጠገበ ይመስልሻል፣ ይበቃው ይሆን እያለች ትጠይቀኛለች። ሞልቶ የሚፈስ ወተት ይዛ የለሽም የተባለችውን ታምናለች። የልጁን ችግር እርስዎ በመቀስ አስወገዱ፤ የእሷን ግን እኔ በምን ልቁረጠው?

ስለዚህ ማስታወቂያዎን ያውርዱ አልልም፤ ሰሌዳው ብዙ የተደከመበት ይመስላል። ልመናዬ እናት ከመወቀሷ በፊት የልጁ አፍ እንዲታይ ነው። ሁለተኛም፣ ለክትባት በምንመጣበት ቀን ሲስተር እዚያው ሚዛኑ አጠገብ ቆመው፣ ያን ዕለት በተናገሩበት ድምፅ፣ ምንም ዝቅ ሳያደርጉ፣ "ወተት ነበረሽ፤ ያላየነው እኛ ነን" እንዲሏት ይዘዙልኝ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተራ የሚጠብቁ ሌሎች እናቶችም አሉ፤ እነሱም ይስሙት።

ጸጥታዎን በአንድ ደብዳቤ ስላወክሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለክሊኒክዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሠራተኞችዎ ብሩህ ዓይን፣ ለእርስዎም እንደተለመደው ከባድ እጅ የምመኝ፣

አክባሪዎ፣
ከክሊኒኩ ጀርባ ያለችው ልብስ ሰፊ፣
የዚያ ጨዋ ልጅ አያት

እንዳልረሳው፦ ልጄ ይህን ደብዳቤ አንብባ "እማዬ፣ ተይ በቃ፣ ሰዎቹ እኮ ክፉ አይደሉም" ብላኛለች። ልክ ናት። ክፉዎች ብትሆኑ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን ልጁን ቆንጥጣችሁ ታስለቅሱት ነበር፤ ምላሱም ያኔውኑ ይታይ ነበር።