ሙቀጫችን ዛሬም እንደተሰነጠቀ ነው

አባዬ፣ የኔ አናጺ፣

እንዴት ከረምክ አልልህም፤ የማይመልስልኝን ሰው መጠየቅ ያናድደኛል፣ ንዴቴን ደሞ ታውቀዋለህ። ይልቅ እኔ ልንገርህ፣ አንተ ስማኝ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ባለፈው ክረምት ስምህን ጽፌ ከዚያ ወዲያ አንድ መስመር መጻፍ አልቻልኩም። አሁን ግን የሚያስቅም ነገር ተጠራቅሟል፤ እሱን ላንተ ሳልነግርህ ብቀር ይቆጨኛል።

እማዬ ደህና ናት። ካፖርትህን ወርሳለች። እጅጌው ጣቶቿን ይውጣቸዋል፣ ጫፉም መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ግን ያ የምታውቀው ብርድ ከሳነቴ ተራራ ሲወርድ ሌላ ልብስ አትነካም። አሳጥሪው ስላት «ኋላ አባትሽ ምን ይለኛል» ትላለች። መዶሻህ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። አንድ ጎረቤት ሊዋሰው መጥቶ ነበር። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም፣ ብቻ ሁለተኛ አይመጣም።

ትምህርቱን ተውኩት። እሺ፣ ተቆጣ። ግን መጀመሪያ ስማ። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ልጅ፣ ያ አፍንጫው የማይደርቀው፣ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ «አባትሽ እንጨት ሲቆርጥ ኖሮ እሱም እንጨት ውስጥ ገባ» አለኝ። የቀለም ብልቃጡ ከዴስኩ ተነስቶ ግንባሩ ላይ እንዴት እንደደረሰ ዛሬም አልገባኝም። አዲሱ ዲሬክተር አያውቁኝም፤ «አባትሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። «ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው ያለው፤ እርስዎ ይሂዱና ይጥሩት፣ እኔን እምቢ ብሎኛል» አልኳቸው። በዚያው ወጣሁ። ስምንተኛ ክፍል ያለኔ ተጠናቀቀ።

አሁን እንጨት መሰንጠቂያው በር ላይ ሻይ እሸጣለሁ። አንተ ትገባበት በነበረው በር። ከአንገቱ ደን በኩል ግንድ የጫነ መኪና ሲመጣ መጋዙ ይጮሃል፣ ሰጋቱራው በንፋስ መጥቶ ብርጭቆዎቼ ውስጥ ይገባል። ደንበኞቼ ያማርራሉ። እኔ አላማርርም፤ ሽታው ያንተ ሸሚዝ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የአዴ በዳቱ ቤት ተሠራ!

ከመታመምህ በፊት ቃል የገባህላት ያቺ ቶጎና ወንዝ ዳር ብቻዋን የምትኖረው፣ እንጨት ለቅማ የምትሸጠው መበለት። አንተ ከሄድክ ወዲህ የቅዳሜው ሥራ ቆሞ ነበር። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስትወጡ የሥራ ጓደኞችህን እነ ጋሽ ተሰማን ሰብስበህ፣ ድርጅቱ ለማገዶ የሚያወጣውን ጠማማ ጣውላና ቁራጭ አስፈቅደህ፣ የአንዱን ድሃ ጎጆ ስትጠግኑ የምትውሉት ነገር። አንተ ስሙን ደቦ ነው ትለው ነበር። ደቦ ስለሆነም ባለቤቱ ያበላችኋል፣ ምንም ድሃ ቢሆን።

ትዝ ይልሃል? ገና ትንሽ ሳለሁ አንዲት አሮጊት ቤት ቁጭ ብለህ ቆሎዋን ስትቆረጥም አይቼ ቤት ስንገባ ጮህኩብህ። «የድሃ ቆሎ ትበላለህ? አታፍርም?» አልኩህ። አንተ ሳቅክና «ሚጥሚጣ፣ ካልበላሁላት ነገ መንገድ ላይ ስታገኘኝ አንገቷን ትደፋለች። ከበላሁላት ግን ያ ሆዳም አናጺ መጣ ብላ ትስቅብኛለች። የቱ ይሻላታል?» አልከኝ። ቀጥለህ የዚያኑ ጊዜ ምስጢሩን ነገርከኝ። የዚያን ሳምንት ዓርብ አጎቴ ከገሰራ ከሚልክልን ገብስ በከረጢት ሞልተህ፣ በማግስቱ ቤቷ ወደሚጠገንላት ሴት አሸክመህ ላክኸኝ። «እማዬ ሙቀጫችን ተሰንጥቆብናል ብላለች፤ እባክዎ ይፈትጉልን፣ ግማሹን ለድካምዎ ያስቀሩ» እንድል። የቤቱ ባለቤት ከዚያ ከቀረላት ቅዳሜ ታበላችኋለች። በላብዋ ያገኘችው ነው፣ ማንም በምጽዋት አልሰጣትም። ስንት ቤት እንደዚያ ብዬ ዋሸሁልህ! አንተ ደሞ ውሸት ስትቀምም ፊትህ እንዴት ያምር ነበር።

ዘንድሮ ከአዲስ አበባ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ወጣት ነው፣ ክራቫቱን ለሰርግም ለሥራም አይፈታም። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገርህ። ስለ ቅዳሜው ሥራ ሰምቶ ደስ ብሎት ሠራተኛውን ሰበሰበና «ድርጅታችን ለከተማው ድሆች መድረስ አለበት፣ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ይውጣ፣ ቆርቆሮም እጨምራለሁ» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ቀጥሎ ግን የጠቅላይ ግዛቱ እንግዶች ሲያልፉ እንዲያዩት በዋናው መንገድ ዳር ያለ ቤት ይመረጥ አለ።

እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። «ዝናቡም ዋና መንገድ ዳር ብቻ ነው እንዴ የሚዘንበው?» አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት፣ ግን የኔ ለራሴ እስከ ሮቤ ይሰማል። ሠራተኛው በሳቅ ወደቀ። ሰውዬው ጆሮው ቀላ፣ «ማናት ይቺ?» አለ። ጋሽ ተሰማ «የአናጺው ልጅ ናት» አሉት። እንደሚያባርረኝ ጠብቄ ማንቆርቆሪያዬን ማንሳት ጀምሬ ነበር። እሱ ግን መጥቶ «እሺ፣ የማን ቤት ይሁን?» አለኝ። ይኸውልህ፣ የአዴ በዳቱ ቤት እንዲህ ተመረጠ።

ዓርብ ዕለት ለማንም ሳልናገር ገብሱን ለአዴ በዳቱ ወሰድኩላት። ሙቀጫችን ተሰንጥቋል አልኳት። እንዳንተ ፊቴን ኮስተር አድርጌ። «ውይ፣ የናንተ ሙቀጫ!» ብላ ተቀበለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም መጣ። ጋሽ ተሰማ ጣሪያው ላይ ወጥተው የበሰበሰውን ሣር ያወርዳሉ፣ ሌላው ማገር ይመታል፣ ጨዋታው ደርቷል። ሣሩ ሙሉ ለሙሉ ወርዶ ቤቷ ለሰማይ ክፍት ሲሆን ላንድሮቨር መጣ። ሥራ አስኪያጁ ከሆቴል ዳቦ በቅርጫት፣ ሻይ በበርሜል ጭኖ፣ ከሮቤ ፎቶ አንሺ ይዞ፣ የድርጅቱ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈበት ቆርቆሮም አስከትሎ። ወርዶ መጀመሪያ የሄደው ወደ አዴ በዳቱ ነው። ሁለት ዳቦ እጇ ላይ አስቀመጠና «እማማ፣ ወደዚህ ዞር ይበሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ» አላት።

አባዬ፣ እሷ ከኋላዋ ጩኮዋን አዘጋጅታ ነበር። ገብሱን ቆልታ፣ ፈጭታ፣ ከየት እንዳመጣችው የማላውቀውን ቅቤ ለውሳበት፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ እንግዶቿን እየጠበቀች። ዳቦውን አየችው። ከዚያ ቅርጫቱ ውስጥ መለሰችው፣ ነጠላዋን አውልቃ የጩኮውን ገበቴ ሸፈነችበት፣ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ «ዋን ኬሰን ፉዳቲ ገላ» አለች። ዕቃችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ ማለቷ ነው። መዶሻው ሁሉ ቆመ። ጋሽ ተሰማ ቀስ ብለው ከጣሪያው ወረዱ።

ሰውዬው ኦሮምኛ አይሰማም። «ምን አልኳት? ምን አጠፋሁ?» ይላል። ቀና ስል ከሳነቴ በኩል ሰማዩ ጥቁር ብሏል፤ ቤቷ ደሞ ክዳን የለውም። ደሜ ፈላ። የፈላ ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያ በእጄ ይዤ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ያንን ክራቫት ላጥብለት አንድ እርምጃ ተራምጃለሁ። ያስቆመኝ ያ ቆሎ የምትቆረጥምበት ፊትህ ነው። ብሰድበው እኔ ይወጣልኛል፣ አዴ በዳቱ ግን ዝናብ ላይ ታድራለች።

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ «ጌታዬ፣ ደቦ ላይ የሚያበላው ባለቤቱ ነው። እርስዎ ቤቷ መጥተው በዳቦ ለማኝ አደረጓት» አልኩት። «ድሃ ናት እኮ፣ እንዴት አድርጌ ምግቧን እበላለሁ?» አለኝ። ልክ የኔ የዚያን ጊዜ ጥያቄ! «ስለዚህ ነው የሚበሉላት። ይሂዱና ራበኝ ይበሏት፣ በኦሮምኛ ናን ቤላኤ» አልኩት። ፎቶ አንሺውን በእጁ ከለከለውና ሄዶ ፊቷ ቁጢጥ ብሎ «ናን ቤላኤ» አለ፤ እንደተማሪ፣ ፈራ ተባ እያለ።

አዴ በዳቱ አየችው። ከላይ እስከ ታች፣ ጫማውን ሳይቀር። ከዚያ «ይሄ ከሲታ፣ እናቱ አታበላውም እንዴ?» አለች በኦሮምኛ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። «ኮቱ፣ ታኢ»፣ ና ተቀመጥ ብላ ከጎኗ አስቀመጠችውና ነጠላዋን ከገበቴው አነሳች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሱ ሰጠችው። ቅቤው ክራቫቱ ላይ ወረደ፣ እግዜር ይስጠው፣ እኔ ላደርገው ያሰብኩትን ቅቤው አደረገልኝ። የሆቴሉን ዳቦ የሰፈር ልጆች ጨረሱት።

ሁሉም በልቶ ተነሳና እንዴት እንደተሠራ ብታይ! ሰውዬው ራሱ ኮቱን አውልቆ ቆርቆሮ አቀበለ። ምስማር መምታት አይችልም፣ ያጎበጠውን ሁሉ እኔ አቃናሁ፣ ባንተ መዶሻ። አዎ፣ ያንተ ሥራ ስለሆነ ከበሩ ኋላ አወረድኩት፣ ከዚያ መልሼ ሰቅዬዋለሁ። ጋሽ ተሰማ የመጨረሻዎቹን ምስማሮች ሲመቱ ማካፋት ጀምሯል። ወርደው በሩን ሲዘጉ ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። ሁላችንም ውስጥ ታጭቀን ቆርቆሮው ሲንጫጫ ሰማነው። አንድ ጠብታ አልገባም።

የድርጅቱ ስም ያለበት ቆርቆሮ የት ይሰቀል ሲባል አዴ በዳቱ አገላብጣ አየችውና «ጥሩ ነው፣ ለዶሮዎቼ» አለች። ሰውዬው ራሱ የዶሮ ቤቱ ላይ መታላት። አሁን የጠቅላይ ግዛቱ እንግዶች ከመጡ የድርጅቱን ስም ማንበብ የሚችሉት ዶሮ ሊገዙ ሲሄዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጣሉ፣ ያለ ፎቶ አንሺ። «አባትሽ ሌላ ምን ያደርግ ነበር?» እያለ ይጠይቀኛል። ሁሉን ነገርኩት፣ የገብሱን ብቻ አልነገርኩትም። እሱ የኔና ያንተ ነው ብዬ።

ነበር የመሰለኝ። ትናንት አዴ በዳቱ ሻይ የምሸጥበት ድረስ መጣች። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትንሽ ገብስ ይዛለች፣ ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ የዓይነ ስውሩ የኦቦ ገመዳ ቤት ነው። «ከናንተው ላይ ጨምሪና አድርሺለት» አለችኝ። «ምን ልበለው?» ስላት ሳቋ መጣ። «ሙቀጫችን ተሰንጥቋል በይዋ! የአናጺ ቤት ሙቀጫ ይሄን ሁሉ ዓመት እንደተሰነጠቀ ሲኖር ማን ያምናል? እኛ የወንዝ ዳር ሴቶች ወሬውን ስንቀባበለው ነው የኖርነው። አባትሽ ግን ሲዋሽ ደስ ይለው ስለነበር ዝም አልነው» አለችኝ።

አባዬ፣ ሁሉም ያውቁ ነበር። አንተ አንገታቸውን እንዳይደፉ ስትዋሽላቸው፣ እነሱ አንተ እንዳታፍር ያመኑህ ይመስሉ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ ደንበኞቼ ሰጋቱራ ዓይኗ ገባ አሉ፣ አላስተባበልኩም።

ስለ ትምህርቱ ሌላ ቀን እንጨቃጨቃለን። አሁን ገብሱን ላድርስ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከጎባ ጣሪያዎች የትኞቹ ያንተ እንደሆኑ እየለየሁ አዳምጣለሁ፣ አንዱንም አልረሳም። ሙቀጫችን ደህና ነው፣ ሰበዝ የምታህል ስንጥቅ የለበትም፣ አንተው ነህ የጠረብከው። ግን እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ያ ሙቀጫ አይጠገንም።

ያንተው ሚጥሚጣ
ጎባ