ጸጉሯን የቆረጠችው ንግሥት

ጥቅምት 4

ፌርፋክስ፣ የአሜሪካው ሐበሻ ሰፈራችን ወረድኩ። እታገኝ ቅመም ሱቅ ተቀመጥኩ። እጇ በርበሬ ይመዝናል፣ ዐይኗ ስልኳ ላይ ነው። የቻይና ተከታታይ ፊልም። ባለታሪኳ የማንቹ፣ የድሮ ቻይና ገዢዎች ንግሥት ናት አለችኝ፣ የንጉሡ ሚስት። በአንድ ጆሮዋ ሦስት ጉትቻ፣ ጣቷ ላይ ረጅም የወርቅ ጥፍር ታጠልቃለች... በዚህ እጅ ምን ትሠራለች?

«ምን ትሥራ ጋሼ ወንዳፍራሽ፣ ንጉሡ እስኪጠራት ቁጭ። እርስዎ ንጉሡን ቢሆኑ ይመችዎት ነበር!»

ምላሷ!

ማታ ልጄ ሣራ ከምትኖርበት ከሃውቶርን ደወለች። የእናቷ መቃብር ድንጋይ ሳይቆም ዓመት ሊሞላው ነው። ቦታው አጠገቡ ካለው ባዶ ቦታ ጋር በኔ ስም ነው፣ ካልፈረምኩ አይቆምም። «የወንዳፍራሽ ባለቤት» ካልተባለበት አልፈርምም አልኳት። ዘጋችብኝ።

ጥቅምት 6

ንግሥቲቱ ከንጉሡ ጋር ጉዞ ላይ ሳለች ጸጉሯን ቆረጠች። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የማንቹ ንግሥት ጸጉሯን የምትቆርጠው ንጉሡ ወይ እናቱ ሲሞቱ ነው አለች እታገኝ። ሁለቱም ግን በሕይወት አሉ!

«ሟርት ነዋ» አልኩ።

«እንጃ። ለምን እንደቆረጠችው እስከዛሬ አይታወቅም።»



ጥቅምት 7

ባለቤቴ ሰርካዲስም ቆርጣ ነበር። በወጥ ቤት መቀስ።

ልጻፈው እንግዲህ፣ ማን ያነበዋል። እናቷ አገር ቤት ሲሞቱ መርዶውን ደበቅኩባት። ደም ብዛቷ ተነስቶ ነበር፣ እስኪሻላት ብዬ። ወር አለፈ። ከዚያ ዓመት። ሰው ሰብስቤ በማለዳ መንገር እንዴት አቃተኝ? ፈራሁ። አንዷ በስልክ «እግዜር ያጽናሽ» ስትላት ሰማች...

ስገባ ጸጉሯ ወለሉ ላይ ተበትኗል። «እኔ በቁሜ እያለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ለእናቴ ነው። ላንተም ነው።»

በማግስቱ ሣራ ጋ ሄደች። ሦስት ዓመት አልደወልኩም። ራሷ ትመለስ ብዬ... እዚያው ሞተች።

ጥቅምት 9

ንጉሡ የንግሥትነት ወረቀቷን ቀማት። ሁለት ገረድ ብቻ ተዉላት። በዓመቷ ሞተች። እሱ አደን ላይ ነበር፣ አልተመለሰም። የሌላ ሚስቱ መቃብር ውስጥ ጥግ ላይ ከተቷት። ስሟ አልተጻፈላትም።

«አረመኔ!» አለች እታገኝ።

«ንጉሥ ከፈረደ ፈረደ» አልኩ። አፌ ነው የተናገረው።

«እርስዎ ደግሞ የማን ንጉሥ ነዎት?»

ስለ ድንጋዩ ሰምታለች። ፌርፋክስ ላይ ምን ይደበቃል! የገዛሁትን በርበሬ እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 10

አልወጣሁም። አልበላሁም።

ጥቅምት 12

ሣራን ጠራኋት። በሩ ላይ ቆመች፣ ግቢ ብላት አልገባም አለች። የድንጋዩ ፎርም ላይ የሰርካዲስን ስም በእጄ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

«ስሟ ብቻ ይሁን» አልኳት።

«ታንክ ዩ አባዬ» አለች። ዐይኗ እንባ ሞላ። ደፈር አልኩ...

«ጎኗ ያለው ቦታ ግን የኔ ነው።»

 ከቦርሳዋ ሌላ ወረቀት አወጣች። ያንን ቦታ መልቀቂያ ነው።

«ዛሬ ላሳይህ አስቤ አልነበረም። እማዬ ናት ያለችኝ። አጠገቤ ማንም አይቀበር አለች።»

«ማንም ስትል...»

«አንተን፣ አባዬ። ኦኬ፣ አስብበት፣ ዛሬ ሳይን አታድርግ።»

ምኑን አስባለሁ? ብዕሩን መልሼ ተቀበልኳት። እሱንም ፈረምኩ።