ስለ ወደቀው ክብደትና ስለ አውራ ጣትዎ

ለቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ለጓድ ሣህሌ
ጂንካ

ኅዳር 10 ቀን 1974 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የግራ እግርዎ አውራ ጣት እንዴት እንደሰነበተች በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ሲበተን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ፣ እናቴ ቤት የኋላ ክፍል ለፍተሻ ገብተው ትልቁን የስፖርት ክብደት በአንድ እጅዎ ብድግ አድርገው ለጸሐፊዎ ለጓድ ታደለ «ይኸው መሣሪያ» ሲሉ ከእጅዎ አምልጦ እርሷ ላይ ካረፈበት ደቂቃ ጀምሮ የአምስት ሴቶች ኑሮ ከጣትዎ ጋር አብሮ አብጧልና፣ ስለ ጤናዋ መጨነቄ አይግረምዎ። ፈጣሪ ይማርልን እንዳልል፣ ፈጣሪን መለመን በእርስዎ ቀበሌ የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ ቶሎ ትሻልዎ ብዬ ብቻ አልፋለሁ።

እርስዎ ያውቁኛል፤ ይህን ደብዳቤ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመው ለሚያነቡ ግን፣ አይናለም ኤርጎ እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አርባ ምንጭ ጨርሼ ተመልሼ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያችን እናቶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚቀመጡት። ጎረቤቴ አስካል ከወለደች ወዲህ እንስራ አዝላ ከነሪ ወንዝ ዳገቱን መውጣት አቅቷት መንገድ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ሁለት ጊዜ አግኝቻታለሁ። ወንዶቹ በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ይሮጣሉ፤ እኛም አንድ ቀን ብንሞክር፣ ላሞችን እንዲያባርር የተቀመጠው ዘበኛ ከላሞቹ ጋር አብሮ አባረረን።

ስለዚህ አምስት ሴቶች ሆነን ስፖርቱን እናቴ ቤት ውስጥ ጀመርን። ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳዎችን በወንዝ አሸዋ ሞልቼ ትንሹን ክብደት ሠራሁ፤ ሁለት የዘይት ጣሳዎችን ደግሞ ከሕንፃ ሥራ በተረፈ ሲሚንቶ ሞልቼ፣ ሳይደርቅ በፊት ወፍራም ዱላ በመካከላቸው ተክዬ ትልቁን ሠራሁ። ከተጣለ የመኪና ጎማ የወጣ ላስቲክ ምሰሶው ላይ አስሬ የሚጎተት አደረግሁ፤ የጥጃ ገመድ ለዝላይ፣ ሰሌን ለመተኛ። ይኸው ነው ጓድ፣ የጦር ሰፈሩ በሙሉ። ግድግዳው ላይም በትልልቅ ፊደል «ጀማሪ በትንሹ ይጀምር፤ ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን አቅንቶ፣ በሁለት እጁ ያንሳ» ብዬ ጽፌ ለጥፌ ነበር። ያነበቡት አልመሰለኝም። የመሠረተ ትምህርት ጣቢያችን በር ማታ ማታ ክፍት መሆኑን በዚህ አጋጣሚ አስታውስዎታለሁ።

አሁን ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚያስፈራችሁ ባውቅም።

አንደኛ፣ ደብተሬን ይመለከታል። ጓድ ታደለ ሰሌኑ ሥር ባገኙት ደብተር ላይ «አስካል፣ ትንሹ፣ 8። አረጋሽ፣ ትንሹ፣ 12። አይናለም፣ ትልቁ፣ 5» የሚለውን አንብበው፣ ትንሹ ማን እንደሆነ፣ ትልቁ ማን እንደሆነ፣ እያንዳንዳችን ከበታቻችን ስንት ሰው እንዳደራጀን እንዳብራራ ጠየቁኝ። ትንሹ የወተት ጣሳ ነው፣ ትልቁ የዘይት ጣሳ ነው፣ ቁጥሩም ስንት ጊዜ እንዳነሳነው ነው ብዬ ብመልስ፣ «ዘይት የሌለበትን የዘይት ጣሳ ምን ብሎ ሰው ያነሳዋል?» አሉኝ። ከጥያቄዎቻቸው ሁሉ የተሻለው ይህ እንደነበር እመሰክርላቸዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ሪፖርታችሁ «በማይታወቅ ቋንቋ በኅብረት ሲጸልዩ ተደርሶባቸዋል» ይላል። ቋንቋው አሪኛ ነው፤ ከዚህ እስከ ገዘር የሚያውቀው ሰው ተቆጥሮ አያልቅም። ጸሎት የተባለውም ከአንድ እስከ አሥር ነው። እናቶቹ በገዛ ቋንቋቸው ሲቆጥሩ ክብደቱ ስለሚቀልላቸው አልከለከልኳቸውም። በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ጠባቂዎ ሶርሳ ይህን ቁጥር ከእናቱ ጉልበት ሥር ሆኖ ነው የተማረው፤ «ምንድን ነው የሚሉት?» ብለው ሲጠይቁት ግን ጫማውን እያየ «አልሰማሁም፣ ጓድ» አለ። በሶርሳ አልፈርድም፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

ሦስተኛ፣ «ውሃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሸከም ሴት ከዚያ በላይ ምን ስፖርት ያስፈልጋታል?» ስላሉን እናመሰግናለን። በሴቶች ቀን መድረክ ላይ ወጥተው ከድርብ ጭቆና ነፃ መውጣታችንን ሲያበስሩን ከፊት ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ከጭቆናው እንጂ ከጭነቱ ነፃ አወጣችኋለሁ እንዳላሉ ያኔ ልብ አላልኩም።

አራተኛው አስካል ናት። ክብደቱ ወድቆ እርስዎ በአንድ እግርዎ ክፍሉን ሲዞሩ አንድ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ በፊት ደብተሬን ወስደው፣ ተቆጥተው ሊሄዱ ነበር፤ ያ ሳቅ ግን ሁሉን ነገር ለወጠው። «ማን ነው የሳቀው?» አሉ። አስካል አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስለነበር ተወስዳ ቀበሌው መጋዘን ውስጥ ታሰረች። ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። የአስካል እናት የአራት ወር የልጅ ልጇን በቀን ሦስት ጊዜ ታቅፋ ወደ መጋዘኑ ትመላለሳለች፤ ጠባቂው ደስ ሲለው ሕፃኗ ትጠባለች፣ ካላለው ሕፃኗ ከደጅ፣ አስካል ከውስጥ ያለቅሳሉ። ስለ ሰብዓዊ አያያዛችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አምስተኛ፣ ነገ ዓርብ እንድፈርምበት የተሰጠኝ ወረቀት አለ። ስፖርቱ ሽፋን እንደነበር፣ አምስታችንም ለአድማ እንደተሰባሰብን፣ አስካልም ክብደቱን ሆን ብላ እግርዎ ላይ እንደጣለች ይላል። ከፈረምኩ እኔ ቤቴ እገባለሁ፤ ካልፈረምኩ ከአስካል ጋር እሆናለሁ። ምርጫ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።

ጓድ ሊቀመንበር፣ እፈራለሁ። ይህን በመደበቅ የእርስዎን ጊዜ አላባክንም። ወንድሜ ደምሰው በ1970 «ለአንድ ጥያቄ» ተጠርቶ ሄዶ ጥያቄው እስከ ዛሬ አላለቀም። ከደጅ የቦት ጫማ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ብዕሬ ይቆማል። እናቴ ከማክሰኞ ጀምሮ ሹራቤንና አንድ ቋጠሮ ቆሎ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች፤ ሁለታችንም እየተራመድነው እንወጣለን እንገባለን። ትልቁን ክብደት አምስት ጊዜ የሚያነሳ ክንዴ ያንን ቋጠሮ ማንሳት አቅቶታል።

የፍርሃቴንም ሥራ ልንገርዎ። ቅዳሜ መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። አስካል አፏን የሸፈነችው የእኔ ሳቅ እንዳይጋባባት ነበር። «ማን ነው?» ሲሉ እኔም እንደ ሶርሳ ጫማዬን አየሁ። አስካል ግን ወደ እኔ ዞር አላለችም፤ እየወሰዷት እንኳ አላየችኝም። ስድስት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ፤ ስድስት ቀን ሙሉ ልጇ በእኔ ፋንታ አለቀሰች።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮዎ እቀርባለሁ። ወረቀቱን ሳልፈርም፣ ሹራቤን ለብሼ እመጣለሁ። ለሳቁ መታሰር ያለበት ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ አስካልን ለልጇ ይመልሱ። ካሻዎት ያስሩኝ፣ ደብተሬንም ያስቀሩት፤ የእኔ ፍርሃት በሌላ ሴት ስም እንዲታሰር ግን ከእንግዲህ አልቀበልም።

ከማያነክስ ሰላምታ ጋር፣ ጫማ በሰላም የሚያጠልቁበትን ቀን ከልብ የምትመኝልዎ፣

የቀበሌዎ ነዋሪ
አይናለም ኤርጎ

ግልባጭ፦
ለወፍጮ ቤቱ በር
ለመሠረተ ትምህርት ጣቢያችን ሰሌዳ
ወደ አልዱባ ገበያ ለሚሄደው የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጮክ ብሎ ለሚያነብ

ማስታወሻ፦ ደብተሩ እርስዎ ዘንድ ስላለ፣ መዝገቡ እንዳይጎድል የቅዳሜውን እባክዎ በእጅዎ ይሙሉልኝ፤ «ሣህሌ፣ ትልቁ፣ ግማሽ»። ጣትዎ ሲሻላትም ጓድ ታደለን ይዘው ይምጡ፤ ሁለት የወተት ጣሳ አዘጋጅላችኋለሁ። በትልቁ ካልጀመርኩ የሚል ጀማሪ ግን ከእንግዲህ እናቴ ቤት አልቀበልም።